ከፎርክ በኋላ ወላጁ የጻፈው ልጁ ጋ ይታያል፣ ቲኤልቢ ነው እንዴ ጥፋቱ?

ሄለን_ከርነል፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከዜሮ ተነስቼ ትንሽዬ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍኩ ነው፣ ለ64 ቢት ኤክስ86፣ የማስነሳው ደግሞ ኪውኢሙ በሚባለው ኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ኬቪኤም (ኮዱን በእውነተኛው ሲፒዩ ላይ በቀጥታ የሚያስኬደው) አብርቼ ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ፎርክ (አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም ወላጁ፣ ቅጂውን ማለትም ልጁን የሚፈጥርበት ጥሪ) ሲጠራ የወላጁን ሚሞሪ ሙሉ በሙሉ ኮፒ ነበር የማደርገው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ይሰራ ነበር። አሁን ኮፒ ኦን ራይት አስገባሁበት፣ ማለትም ፎርክ ላይ ሁለቱ ፍሬሞቹን (የእውነተኛው ሚሞሪ ቁራጮች) እንዲጋሩ አድርጌ የሁለቱንም ፔጅ ቴብል (የትኛው ፔጅ የትኛው ፍሬም ላይ እንዳለ የሚይዘው ሰንጠረዥ) ራይት ቢት አጠፋለሁ፣ ከዛ አንዳቸው ሊጽፉ ሲሉ ፔጅ ፎልት (ሲፒዩው አይፈቀድም ብሎ ከርነሉን የሚጠራበት) ይመጣና ኮፒው ያኔ ይደረጋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወላጁ ከፎርክ እንደተመለሰ አንድ ቫሪያብል ላይ 7 ይጽፋል፣ ልጁ ያንኑ ቫሪያብል ሲያነብ የድሮውን 3 ማግኘት ሲገባው 7 ያገኛል። ወላጁ የጋራው ፍሬም ላይ በቀጥታ እየጻፈ ነው ማለት ነው፣ ፔጅ ፎልቱ ጭራሽ አይመጣም! የወላጁን ፔጅ ቴብል አውጥቼ አየሁት፣ ራይት ቢቱ 0 ነው። ሪድ ኦንሊ የሆነ ፔጅ ላይ እንዴት ያለ ፎልት ይጻፋል?

ሁለት ነገር ደግሞ ግራ አጋባኝ። አንደኛ ከፎርኩ ቀጥዬ ወላጁ ላይ ፕሪንት ካስገባሁ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ሁለተኛ የሚበላሹት ወላጁ ከፎርክ በፊት የጻፈባቸው ፔጆች ብቻ ናቸው፣ ከዛ በፊት አንብቧቸው ብቻ የነበሩት ላይ ፎልቱ በሰዓቱ ይመጣል ሁሉም ልክ ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ ቲኤልቢ ፍለሽ አድርጊ አለኝ ግን የት ቦታ እና ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ዝም ብዬ መስመር መጨመር አልፈለግኩም። የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ቢት_በቢት፦

ሄለን ጓደኛሽ ልክ ነው፣ አንቺም ሳይገባኝ አልጨምርም ማለትሽ ልክ ነው። ያየሻቸው ሁለቱ ነገሮች ደግሞ ራሳቸው መልሱን ይዘዋል፣ እንደዚህ ጥሩ አድርጎ ጠይቆ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ቨርቹዋል አድሬስ የት ፍሬም ላይ እንዳለ ለማወቅ ሲፒዩው አራት ደረጃ ፔጅ ቴብል መውረድ አለበት። ቀበሌ ሄዶ አራት መዝገብ እንደማገላበጥ በይው። ለእያንዳንዱ ሚሞሪ ንባብ ይሄን ቢያደርግ ማሽኑ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚ አንዴ ያገኘውን መልስ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ይከተዋል። ቲኤልቢ ማለት ያ ኪስ ነው። ትንሽ ነው፣ ለምሳሌ የኢንቴል ስካይሌክ ላይ ለ4 ኪሎባይት ፔጆች የመጀመሪያው ደረጃ የዳታ ቲኤልቢ 64 ኤንትሪ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሁለተኛው ደረጃ 1536። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የፍሬሙ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ፈቃዱም አብሮ ይጻፋል፣ ይነበባል ይጻፍበታል የሚለው። አንቺ ፎርክ ላይ መዝገቡን አረምሽ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን አሁንም "ይጻፍበታል" ይላል፣ ሲፒዩው ደግሞ ወረቀቱ እያለለት መዝገቡ ጋ አይሄድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የዳታ ካሽን ሃርድዌሩ ራሱ ከሚሞሪ ጋር አስማምቶ ስለሚይዘው ቲኤልቢም እንደዛ ይመስለዋል። ኤክስ86 ላይ የቲኤልቢ ነገር ለከርነሉ ነው የተተወው፣ ፔጅ ቴብሉን የቀየረው እሱ ስለሆነ ማሳወቅም ያለበት እሱ ነው።

ፕሪንቱ ለምን ይደብቀዋል? ሲሪያል ፖርት ቀርፋፋ ነው፣ እየጻፍሽ ሳለ ታይመሩ ይመጣና ስኬጁለርሽ ወደ ሌላ ፕሮሰስ ይቀይራል፣ ሲቀይር ሲአር3 (ሲፒዩው የትኛውን ፔጅ ቴብል እንደሚጠቀም የሚይዘው ሬጂስተር) ላይ አዲስ ፔጅ ቴብል ይጫናል፣ ሲአር3 ሲጻፍ ደግሞ ግሎባል (ለሁሉም ፕሮሰስ የጋራ) ከተባሉት በስተቀር ኪሱ በሙሉ ይራገፋል። ወላጁ ተራው ደርሶት ሲመለስ ባዶ ኪስ ይዞ ነው፣ መዝገቡን ሲያይ ሪድ ኦንሊ፣ ፎልት። ፕሪንቱ ሲወጣ ግን ወላጁ ከሲስተም ኮሉ በቀጥታ ወደ ራሱ ኮድ ነው የሚመለሰው፣ በመሀል ሲአር3ን የነካው ማንም የለም።

ሁለተኛው ያየሽው ደግሞ በጣም ደስ የሚል ነው። ፔጁ የተነበበ ብቻ ከሆነ ኪሱ ውስጥ ያለው ኤንትሪ ዴርቲ ቢቱ (ተጽፎበታል የሚለው ምልክት) 0 ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ራይት ሲመጣ ሲፒዩው ዴርቲ ቢቱን ፔጅ ቴብሉ ላይ 1 ማድረግ ስላለበት የግድ ተመልሶ መዝገቡ ጋ ይሄዳል፣ እዛ ሲደርስ ራይት ቢቱ እንደጠፋ ያያል። ቀድሞ የተጻፈበት ከሆነ ግን ዴርቲ ቢቱ 1 ነው፣ ወደ መዝገቡ የሚመልሰው ጉዳይ የለም፣ በአሮጌው ፈቃድ ይጽፋል። የተበላሹብሽ ፔጆች እነዚህ የሆኑት ለዚህ ነው።

መፍትሄው አጭር ነው። ፎርክ ውስጥ የወላጁን ኤንትሪዎች ቀይረሽ ስትጨርሺ ወደ ዩዘር ከመመለስሽ በፊት ሲአር3 ውስጥ ያለውን ዋጋ አንብበሽ ራሱን መልሰሽ ጻፊው። ኢንቭልፒጂ የሚባል ኢንስትራክሽንም አለ ከ486 ጀምሮ፣ አንድ አድሬስ ብቻ ነው የሚያራግፈው፣ ግን ፎርክ የሚነካው ብዙ ፔጅ ስለሆነ ሁሉንም ማራገፍ ይሻላል። የዩዘር ፔጆች ላይ ግሎባል ቢት እንዳታበሪ ብቻ ተጠንቀቂ፣ እነሱ በሲአር3 አይራገፉም። ፒሲአይዲ (የኪሱን ወረቀቶች በአድሬስ ስፔስ ቁጥር የሚለየው) ካበራሽ ደግሞ ህጉ ይቀየራል፣ ለጊዜው አትንኪው።

ሄለን_ከርነል፦

ሰራ! ቢት በቢት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቀበሌዋ ነገር ደግሞ አእምሮዬ ላይ ተቀርጻ ቀረች። ዴርቲ ቢቱን ራሴ አረጋገጥኩት፣ ከፎርክ በፊት የነበረውን ራይት ሳወጣው ፍለሽ ሳይኖርም ፎልቱ መጣ።

ግን አሁን ሌላ ነገር መጣ። እስካሁን በአንድ ኮር ነበር የምሞክረው፣ ኪውኢሙን 4 ኮር ስሰጠውና ወላጁ ሁለት ትሬድ ሲኖረው ያው በሽታ ተመለሰ። አንዱ ትሬድ ፎርክ ሲያደርግ ሌላው በሌላ ኮር ላይ እየጻፈ ነው፣ እሱ የጻፈው ልጁ ጋ ይገባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤምአንማፕ ላይ ነው፣ አንድ ትሬድ ሚሞሪውን ይለቃል፣ ፍሬሙ ለሌላ ፕሮሰስ ይሰጣል፣ ከዛ ያ ሌላ ፕሮሰስ የራሱ ያልሆነ ዳታ ያገኝበታል። ሲአር3ውን ሁለቱም ቦታ ላይ እየጻፍኩ ነው። ምን ቀረኝ?

ዳዊት_ኤስኤምፒ፦

የቀረሽ ነገር ሲአር3 መጻፍም ሆነ ኢንቭልፒጂ የሚያራግፉት ያንን ኢንስትራክሽን የሚያስኬደውን ኮር ኪስ ብቻ መሆኑ ነው። በቢት በቢት ምሳሌ ብሄድ እያንዳንዱ ኮር የራሱ ኪስ አለው፣ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እጅሽን ከተሽ ወረቀት መቅደድ አትችይም፣ ጠርተሽ ቅደድ ትይዋለሽ ቀድጃለሁ እስኪልሽም ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ጥሪው ከኮር ወደ ኮር የሚላከው ኢንተራፕት ነው፣ አይፒአይ፣ ስራው በሙሉ ደግሞ ሹትዳውን ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ የማክ ከርነል ሰዎች በ1989 ይሄንኑ ችግር በሶፍትዌር እንዴት እንደፈቱት ጽፈዋል።

ቅደም ተከተሉን አጥብቀሽ ያዢ ምክንያቱም የኤምአንማፕ ችግርሽ ይሄ ነው። መጀመሪያ ፔጅ ቴብሉን ትቀይሪያለሽ፣ ቀጥሎ የራስሽን ቲኤልቢ ታራግፊያለሽ፣ ያንን አድሬስ ስፔስ ለጫኑት ሌሎች ኮሮች አይፒአይ ትልኪያለሽ፣ ሁሉም ጨርሻለሁ እስኪሉ ትጠብቂያለሽ፣ ፍሬሙን ለአሎኬተር የምትመልሺው ከዛ በኋላ ነው። ፍሬሙን ቀድመሽ ከለቀቅሽው በመሀል ሌላ ፕሮሰስ ይወስደዋል፣ ያ አሮጌ ወረቀት የያዘው ኮር ደግሞ የሰው ቤት ገብቶ ይጽፋል። ይሄ ለተማሪ ፕሮጀክት ብቻ የሚሆን ስህተት እንዳይመስልሽ፣ ሊኑክስ ራሱ በ2018 እዚሁ ጋ ተይዟል፣ ኤምሪማፕ (ማፕ የተደረገ ሚሞሪን የሚያዛውረው ጥሪ) የፔጅ ቴብሉን ሎክ የሚለቀው ቲኤልቢው ከመራገፉ በፊት ነበር፣ በዚያች ቀጭን ክፍተት የተለቀቀ ፍሬም በአሮጌው ኤንትሪ መንካት ይቻል ነበር። ያገኘው የጉግል ፕሮጀክት ዜሮው ያን ሆርን ነው፣ ሲቪኢ 2018 18281 (የደህንነት ክፍተቱ መለያ ቁጥር) ብለሽ ፈልጊው፣ ማስተካከያውን አንብቢ፣ መስመሩ ጥቂት ነው ግን ብዙ ያስተምራል።

አሁን ወደሚያስለቅሰው ክፍል። አይፒአይ ልከሽ ስትጠብቂ ዴድሎክ ይገጥምሻል፣ ከወዲሁ እወቂው። ኮር 0 አንድ ስፒንሎክ (ሌላው እስኪለቀቅ ሳይተኛ የሚጠብቀው መቆለፊያ) ይዞ አይፒአይ ልኮ ይጠብቃል፣ ኮር 1 ኢንተራፕቱን ዘግቶ ያንኑ ስፒንሎክ እየጠበቀ ነው፣ ኢንተራፕቱ ስለተዘጋ አይፒአዩን አይሰማም፣ ስላልሰማ መልስ አይሰጥም፣ ሁለቱም እዛው ይቀራሉ። ሌላኛው መልኩ ሁለት ኮሮች በአንድ ጊዜ ሹትዳውን ሲጀምሩ ነው፣ ሁለቱም ኢንተራፕት ዘግተው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሊኑክስ ኢንተራፕት ተዘግቶ እንዲህ ያለ ጥሪ ልኮ የሚጠብቅ ኮድ ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ የሚያትመው ለዚህ ነው። አንቺ የምታደርጊው ስትጠብቂ ኢንተራፕት ክፍት ይሁን፣ ካልተቻለ ደግሞ በሚጠብቀው ሉፕ ውስጥ ለራስሽ የመጣ ጥያቄ ካለ እያየሽ አስተናግጂው።

ሌላ ቶሎ የማይታይ ነገር፣ የትኛው ኮር የትኛውን አድሬስ ስፔስ እንደጫነ የምትይዢበት ቢትማፕ ያስፈልግሻል አለዚያ ሁሌ ሁሉንም ኮር ትረብሺያለሽ። ኮሩ ስሙን ቢትማፑ ላይ የሚያስመዘግበው ሲአር3ን ከመጫኑ በፊት መሆን አለበት። ከጫነ በኋላ ካደረገው በመሀል ሹትዳውን የሚልከው ኮር ስሙን ሳያይ ያልፈዋል፣ እሱ ግን ወረቀት መሰብሰብ ጀምሯል።

ፈጣን_ኮድ፦

እኔ እምለው ለምን አይፒአይ ይላካል? አይፒአይ ውድ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሳይክል ይበላል፣ ኮር በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፣ ብዙ ትሬድ ያለው ሰርቨር ላይ /ፕሮክ/ኢንተራፕትስን ከፍቶ የቲኤልቢ ሹትዳውንስ መስመሩን ያየ ሰው ያውቀዋል። እያንዳንዱ ኮር ታይመር ኢንተራፕት ይመጣለታል አይደል? የሚለቀቁትን ፍሬሞች ሊስት ውስጥ አስቀምጪ፣ ሁሉም ኮር አንድ አንድ ታይመር አልፎ ኪሱን ካራገፈ በኋላ ልቀቂያቸው። ጥበቃ የለም፣ ዴድሎክ የለም።

ዳዊት_ኤስኤምፒ፦

ፈጣን ኮድ ሀሳብህ ለኤምአንማፕ በደንብ ያስኬዳል፣ ፍሬሙም የአድሬስ ክልሉም እስከዛ ድረስ ለሌላ እንዳይሰጥ ካደረክ ማለቴ ነው፣ ክልሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከርነሎችም ፍሬሞችን ሰብስቦ አንድ ላይ መልቀቅን በሌላ መልኩ ይጠቀሙበታል። ለፎርክ ግን በጭራሽ አይሆንም። ፎርክ ላይ እየቀነስን ያለነው ፈቃድ ነው፣ ታይመሩ እስኪመጣ ያሉት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ሌላው ትሬድ የጋራውን ፍሬም ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ያ የተጻፈ ነገር ልጁ ጋ ገብቷል፣ በኋላ ማውጣት አይቻልም። ስለዚ ሄለን ፈቃድ ስትቀንሺ ወይ ፍሬም ስትቀይሪ ወዲያው እና በጥበቃ። ፈቃድ ስትጨምሪ ለምሳሌ ያው ፍሬም ላይ ሪድ ኦንሊውን ራይት ስታደርጊው ኤክስ86 ላይ ሌሎቹን ኮሮች ባትጠሪም ይሆናል፣ አሮጌ ወረቀት የያዘው ኮር ቢበዛ አንድ የማያስፈልግ ፎልት ይመጣበታል፣ ፎልቱ ራሱ ያንን ኤንትሪ ያራግፈዋል፣ ሃንድለርሽ ፔጅ ቴብሉን አይቶ ይሄማ ተፈቅዷል ብሎ ይመለስ።

ወጪውን በተመለከተ መጀመሪያ ልክ የሆነውን ከርነል አግኚ፣ ከዛ ለኪ። ሊኑክስ ላይ ከ33 ፔጅ በላይ ከሆነ አንድ በአንድ ከማራገፍ ሁሉንም ያራግፋል፣ አንቺ ግን ለጊዜው ሁሌ ሁሉንም ብታራግፊ ምንም አይደለም።

ቦርድ_ላይ፦

ከሪስክ ፋይቭና ከአርም ወገን ትንሽ ልጨምር ምክንያቱም ይሄን ትሬድ የሚያነቡ ሌሎች ተማሪዎች ሪስክ ፋይቭ ላይ ነው የሚሰሩት። ሪስክ ፋይቭ ላይ ሳትፕ (እንደ ሲአር3 ያለው ሬጂስተር) መጻፍ በራሱ ቲኤልቢውን አያራግፍም፣ ስፔሲፊኬሽኑ ይሄን አይልም፣ ኤስፌንስ ቪኤምኤ የሚባለውን የማራገፊያ ኢንስትራክሽን ራሳችሁ መጥራት አለባችሁ። ኪውኢሙ ግን ሳትፕ ሲቀየር የራሱን ቲኤልቢ ያራግፈዋል፣ ስለዚ ኤስፌንሱን የረሳ ከርነል ኪውኢሙ ላይ ለወራት ሊሰራ ይችላል። እኔ የሆነብኝ ይሄ ነው፣ ኮዱን እውነተኛ ቦርድ ላይ ስጭነው ሁለተኛው ፕሮሰስ ሲነሳ የመጀመሪያውን ሚሞሪ እያየ ነበር፣ ኪውኢሙ ላይ አንድም ቀን አልታየም። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ሃርድዌሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሁሉ ቦርድ ቀይሬ ሞክሬያለሁ። ሪስክ ፋይቭ ላይ ሌላው ልዩነት ባዶ ማለትም ቫሊድ ያልሆነ ኤንትሪም ኪስ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፣ ኤክስ86 ይሄን አያደርግም፣ ስለዚ አዲስ ፔጅ ማፕ ስታደርጉም ስለ ኤስፌንስ ማሰብ አለባችሁ። የሌላውን ኮር ለማራገፍ ደግሞ ኤስቢአይን (ከከርነሉ ስር ያለውን ፈርምዌር) ትጠይቃላችሁ እሱ አይፒአዩን ይልክላችኋል።

አርም ላይ ነገሩ ይቀላል፣ ቲኤልቢአይ የሚባለው ኢንስትራክሽን በሃርድዌር ለሁሉም ኮር የሚደርስ አይነት አለው፣ ከኋላው ዲኤስቢ (ማራገፉ እስኪያልቅ የሚያስጠብቀው ኢንስትራክሽን) አድርጎ መጠበቅ ነው። ግን አርም የራሱ ጥብቅ ህግ አለው፣ አንድ ኤንትሪን ከአንድ ፍሬም ወደ ሌላ ፍሬም በቀጥታ አትቀይሩትም፣ መጀመሪያ ባዶ ታደርጉታላችሁ፣ ታራግፋላችሁ፣ ከዛ አዲሱን ትጽፋላችሁ። ኤኤምዲም ከዜን 3 ጀምሮ ለሁሉም ኮር የሚደርስ ኢንቭልፒጂቢ አምጥቷል፣ ሊኑክስ በ2025 በ6.15 መጠቀም ጀምሯል።

ቢት_በቢት፦

ቦርድ ላይ ያልከው ነገር ለኮፒ ኦን ራይቱም ይሰራል፣ ሄለን አንድ ቦታ ደግመሽ እይልኝ። ፎልት ሃንድለርሽ ኮፒ ሲያደርግ የወላጁን ኤንትሪ ከአሮጌው ፍሬም ወደ አዲሱ ይቀይረዋል። ፎልት ያደረገው ኮር ችግር የለበትም። ሁለተኛው ትሬድ ያለበት ኮር ግን ወደ አሮጌው ፍሬም የሚያመለክት የንባብ ወረቀት ኪሱ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ማንበብ ብቻ ስለሆነ ፎልት አይመጣበትም፣ የአንዱን ትሬድ አዲስ ጽሁፍ ሌላው ሳያይ ይቀራል። እዚህም ሹትዳውን የግድ ነው።

ሄለን_ከርነል፦

ትናንት ማታ እና ዛሬ ሙሉ ቀን እዚህ ላይ ነበርኩ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ሹትዳውኑን ዳዊት እንዳለው ጻፍኩት፣ አንድ ግሎባል ሪክዌስት፣ ስንት ኮር እንደቀረ የሚቆጥር አቶሚክ ቆጣሪ፣ እያንዳንዱ ኮር አይፒአዩ ሲደርሰው ሲአር3ውን መልሶ ይጽፍና ቆጣሪውን በአንድ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሳስነሳው ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሰራ ቆመ። በጂዲቢ (ዲበገር) አራቱንም ኮሮች ሳይ አንዱ ቆጣሪው ዜሮ እስኪሆን እየጠበቀ ነው፣ ሌላው የፕሮሰስ ቴብሉን ስፒንሎክ ኢንተራፕት ዘግቶ እየጠበቀ ነው፣ ሎኩን የያዘው ደግሞ የመጀመሪያው ነው፣ ልክ በቃል የተነገረኝ ነገር! ፎርክ ውስጥ ሎኩን ይዤ ነበር ሹትዳውኑን የምጠራው። ከሎኩ ውጪ አወጣሁት፣ ወላጁ ላይ ብቻ የሚያዝ ሌላ የሚተኛ ሎክ አደረግኩለት፣ የሚጠብቀውም ኢንተራፕት ክፍት ሆኖ ነው።

ቢት በቢት እንዳልከው ፎልት ሃንድለሩንም አየሁት፣ እዛ ደግሞ ሁለት ጥፋት ነበረኝ። ሹትዳውን አለመኖሩ አንዱ ነው፣ ሌላው ደግሞ የአሮጌውን ፍሬም ሪፈረንስ ካውንት (ስንት ተጠቃሚ እንዳለው የሚቆጥረውን) የምቀንሰው ኤንትሪውን ከመቀየሬም በፊት ነበር፣ ልጁ በመሀል ከሞተ ካውንቱ ዜሮ ገብቶ ፍሬሙ ይለቀቃል፣ ሁለተኛው ትሬድ ግን ገና እያነበበው ነው። መቀነሱን ሁሉም ኮር ከመለሰ በኋላ አደረግኩት። ሲአር3 ከመጫኑ በፊት ቢትማፑ ላይ መመዝገቡንም አስተካክዬዋለሁ፣ ተገላቢጦሽ ነበር የጻፍኩት።

አሁን አራት ኮር ላይ አራት ትሬድ ያለው ፕሮሰስ እየደጋገመ ፎርክ እና ኤምአንማፕ የሚያደርግ ቴስት ጽፌ ከትናንት ማታ 4 ሰዓት ጀምሮ እየሰራ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚያየውን ዳታ ያጣራል፣ እስካሁን አንድም የተበላሸ አልተገኘም። ከዛ ሆን ብዬ ፍሬም መልቀቂያውን ከጥበቃው በፊት መልሼ አስገብቼ ለብቻው ሞከርኩት፣ በደቂቃ ውስጥ ተበላሸ፣ ስለዚ ቴስቱም ችግሩን ማግኘት እንደሚችል አወቅኩ። ያንን ስህተት አሁን ኮሜንት አድርጌ ቴስቱ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቦርድ ላይ፣ ከምረቃ በኋላ ወደ ሪስክ ፋይቭ ማዞር እፈልጋለሁ፣ ያኔ ኤስፌንሱ ላይ እጠይቅሃለሁ።

ቦርድ_ላይ፦

በደስታ እህቴ። ስትጀምሪ ሳትፕ ከመጻፍሽ በፊትም በኋላም ኤስፌንስ አድርጊ፣ የፊተኛው ፔጅ ቴብሉ ላይ የጻፍሻቸው ነገሮች ቀድመው እንዲታዩ ነው፣ የኋለኛው አሮጌ ወረቀቶችን ለመጣል።